የሂክማ ትንኞች

ሰኔ 2 ቀን 2004፣ ቆቦ። ጠዋት

ጆንያው ላይ ውሃ አርከፍክፌአለሁ። ዛሬ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ደርቋል። ይሄ የራያ ፀሐይ ውሃን ሳያስፈቅድ ነው የሚወስደው። ብልቃጦቹ እንስራው ውስጥ ናቸው፤ እንስራው እርጥብ አሸዋ ላይ ተቀምጧል፤ ጆንያው በላዩ። ሙቀቱ ከሠላሳ ካለፈ ወንዶቹ ይመክናሉ። ትንኞቹን ማለቴ ነው፤ አንቺ ደብተር ደግሞ ሌላ እንዳታስቢ።

ትናንት ከአ.አ. እስከዚህ ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። የፍራፍሬ ዝንብ አልኳቸው። ወልዲያ ላይ ወንበር ቀየሩ።

ምን ላድርግ። ዩኒቨርሲቲ ትንኞቹን የምናረባበት ክፍል ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ተዘጋ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ይዞ ይውጣ ተባለ። እኔም መምጣቴ አይቀርም ነበር። እህቴ ዘሀራ ስልክ ላይ ድምጿ ልክ አልነበረም። የልጇ የሂክማ ሕመም ብሶባታል፤ በወር አንዴ ይጥላት የነበረው አሁን ሳምንት አያልፍም። ዘሀራ ራሷ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ባሏ ኑሩ የጭነት መኪናውን ይዞ አፋር ወርዷል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷ፣ ልጅቷና አማቷ እማ ሀሊማ ናቸው። አሁን ደግሞ እኔና ትንኞቼ።

ሰኔ 3። ማታ

ሂክማ ሰባት ዓመቷ ነው። አትናገርም። ትስቃለች። ስትራመድ እግሮቿን አራርቃ፣ ክንዶቿን ወደ ላይ አንስታ፣ ዛሬ እንደተወለደች ግልገል ነው። ውሃ ካየች አበቃላት። ጆንያውን ሳረጥብ ከሥሬ ትገባለች፤ ጭንቅላቷ ላይ ይፈስሳል፤ ትንከተከታለች። ሁለታችንም ረጥበን ነው ቁርስ የቀረብነው። እወዳታለሁ። ይህን ለመጻፍ ምክንያት አያስፈልገኝም።

ብልቃጦቹን እንዳላምታታ አንገታቸው ላይ ክር አስሬአለሁ። ነጭ ክር፦ ጤነኞቹ። ቀይ ክር፦ ጥናቴ፤ እግራቸው የማይጸና፣ የብልቃጡን ግድግዳ መውጣት የሚያቅታቸው። ሰማያዊ ክር፦ ሌላ ጉድለት ያለባቸው፣ ብልቃጡ ጠንከር ብሎ ሲመታ የሚወድቁ፣ የሚንቀጠቀጡ፣ ትንሽ ቆይተው የሚነሱ። ቀዮቹ እንደ ሂክማ ይንገዳገዳሉ፤ ሰማያዊዎቹ እንደ ሂክማ ይወድቃሉ። ለዘሀራ እስካሁን አላሳየኋትም። እንዴት ብዬ?

ከሰዓት ጎረቤቶች መጡ። ማንጎው ሥር ትንኝ ሞልቶ እያለ ከአዲስ አበባ ጭነሽ መምጣትሽ ምን ይባላል አሉኝ። ሁለተኛ ዲግሪ ይባላል አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ብዙም አላሳቀኝም እንጂ።

ሰኔ 5። ከሰ.

ልጻፈውና ይለፍልኝ።

ሂክማ ደጃፍ ላይ በባልዲ እየተጫወተች ነበር። ሳቋ ተቋረጠ። ወደቀች። እማ ሀሊማ ክብሪት! ብለው ጮኹ። ክብሪቱ የት እንዳለ መፈለግ የለም፤ ከልጅቷ አልጋ በላይ መስኮቱ ላይ ነው ቦታው። ለዚህ ብቻ የተቀመጠ ነው። ዘሀራ ሮጣ አመጣች፣ ለኮሰች፣ እፍ አለችው፣ ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዘች። ደገመች። ሠለሰች። ከክብሪቱ በቀር ልጅቷን የሚነካ የለም። አረፋው የነካው ሰው ላይ ይጋባል ይባላላ። እናቷ እንኳ ክንዷን ዘርግታ ከሩቅ ነው።

ልይዛት ስሄድ እማ ሀሊማ ቀሚሴን ጨምድደው ያዙኝ። ገና ሳትወልጂ! አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ቀሚሴን አስለቀቅኩ። በጎኗ አጋደምኳት፣ ምራቁ እንዲወርድ። ያኔ ነው የሚነድ የክብሪት ጫፍ ከንፈሯ ላይ የወደቀው። አነሳሁት። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ከዚያ በፊት የነበረ ጠባሳ አለ። የወደቀችበት ይመስለኝ ነበር። ክብሪት ነው።

ቆይታ ነቃች። ክብሪቱ መለሳት፣ አልሃምዱሊላህ ተባለ። ሳይለኮስ ቀርቶ ቢሆንም በዚያው ሰዓት ትነቃ እንደነበር ነገርኳቸው። እማ ሀሊማ በእርጋታ አዩኝ። ይሄን ያህል ዓመት ያነቃናትን አንቺ ዛሬ መጥተሽ? አሉኝ። ተናደድኩ። ማን ላይ እንደተናደድኩ ግን እንጃ።

ሰኔ 6። ማታ፣ ራት በልተን

የከንፈሯን ቁስል ቅባት ስፈልግ መደርደሪያው ላይ የክኒን ዕቃ አገኘሁ። ከጤና ጣቢያ ለሂክማ የተሰጠ ነው፣ በየቀኑ የሚዋጥ። ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ዘሀራን ጠየቅኳት። አልደበቀችኝም። ከፋሲካ ወዲህ አቁማለች። ለምን? ትንኞቹ የሚያወጡትን መድኃኒት ስለምትጠብቅ። መድኃኒትና መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ይጣላል፤ ዋናው ሲመጣ ሆዷ ባዶ ሆኖ ይቀበለው ብላ። በስልክ ሂክማን የመሰሉ የታመሙ ዝንቦች አጠናለሁ ብያት ነበር፣ ሌላ አላልኩም። ቀሪውን እሷ ሞላችው። እናት አይደለችም እንዴ፤ ሰው የሚሞላው የጎደለውን ነው።

የባሰባት ለዚህ ነው ለካ። እንዲህ ዓይነት ክኒን ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ይነሳል።

አልነገርኳትም። አፌን ከፈትኩ፣ ሆዷን አየሁ፣ ዘጋሁ። ክኒኑን መልሰሽ ጀምሪላት ብቻ አልኩ፣ ከዋናው ጋር አይጣላም። «ዋናው» ስል ራሴን ሰማሁት። አንቺ ደብተር፣ ፈሪ መሆኔን ታውቂያለሽ።

ሰኔ 8፣ ጁምዓ

እማ ሀሊማ ዛሬ አዋሩኝ። አዋሩኝ እንኳ አይባልም፤ ፍየል እያሰሩ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። በፍየል ንግድ ነው ኑሩን ያሳደጉት። ከአፋር የሚመጣውን ይገዛሉ፣ ቆቦም ዋጃም ገበያ ያወጣሉ። ሲያወሩ ቀና አይሉም።

ያሉት ይሄ ነው። ዘሀራ ጥሩ ልጅ ናት፤ ሥራዋን አይነቅፉም፣ አፏን አይነቅፉም። ግን በእሳቸው ወገን እንዲህ ያለ ልጅ ተወልዶ አያውቅም። ከእናንተ ደም ነው። ይሄኛውም እንዲያ ከሆነ ኑሩ ሌላ ያግባ ብለው ሊነግሩት ነው፤ ዘሀራም ወልዳ ስትጠነክር ወደ አባታችን ቤት ዋጃ ትመለሳለች። ወላሂ ጠልቻት አይደለም አሉ። አመንኳቸው። ይሄ ነው የከበደኝ።

ዘሀራ ታውቃለች። ከወር በፊት ነው የሰማችው። ለዚያ ነው ድምጿ ልክ ያልነበረው።

እንግዲህ ስሚ። ለሰው ከመናገሬ በፊት ባንቺ ልለማመድ። የነርቭ ሴል ሲያድግ ቅርንጫፍ ያወጣል። ቅርንጫፉ በደንብ የሚወጣው ፕሮቲኖቹ ሥራቸውን ጨርሰው በጊዜ ቦታ ሲለቁ ነው። ማን ይልቀቅ፣ ማን ይቆይ? ሴሉ ውስጥ ምልክት አድራጊ አለ። ሥራውን በጨረሰው ፕሮቲን ላይ ትንሽ ምልክት ይለጥፋል። ምልክት ያለበት ይወሰዳል፣ ይፈርሳል። ምልክት አድራጊው ከጎደለ የሚወሰድ የለም፤ ሁሉም እዚያው ይከማቻል፤ ቅርንጫፉ ይቀጭጫል። ቀይ ክሮቹ የጎደላቸው እሱ ነው። የሚገርመው ያው ምልክት አድራጊ በእኛም ውስጥ አለ። እሱ ሲጎድል የሚስቁ፣ የማይናገሩ፣ ሲራመዱ የሚንገዳገዱ፣ ውሃ የሚወዱ ልጆች ይወለዳሉ ይላል መጽሐፉ። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ቤተ መጻሕፍቱን ጥዬ ወጣሁ። ማን ሂክማን አይቶ ጻፈው አልኩ። እርግጡን የሚነግረው የደም ምርመራ ነው፤ ጠይቄ ጠይቄ እዚህ አገር የሚሠራበት ቦታ አላገኘሁም።

ሌላም አለ። ሰው ነርቭ ውስጥ ምልክት አድራጊውን የሚሠራው ከእናት የመጣው ዘረመል ብቻ ነው፤ የአባትየው ተኝቷል። ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ እንዲሁ በአጋጣሚ ነው፣ ሁለተኛ ልጅ ላይ አይደገምም። አንዳንዴ ግን እናትየው ራሷ ሳትታመም ይዛው ትኖራለች። ያኔ ሊደገም ይችላል።

ስለዚህ እማ ሀሊማ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አልችልም። ልላቸው ፈልጌ ነበር። እንዴት እንደፈለግኩ!

ዘሀራ ይዛው ከሆነ ደግሞ እኔም ልይዘው እችላለሁ። ይህን አረፍተ ነገር ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኔ 10። ማታ

ነገርኳት። ልብስ እያሰጣን። ትንኞቹ መድኃኒት አይሰጡም አልኳት። እኔ የማጠናው እንዴት እንደሚጎድል ነው፤ እንዴት እንደሚሞላ ገና ማንም አያውቅም። ምናልባት ሂክማ ካደገች በኋላ፣ ምናልባትም ከእኔ በኋላ።

የያዘችውን ቀሚስ አልጣለችም፣ አላለቀሰችም። አሰጣችው። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ምን ያደክምሻል?»

አማካሪዬ ዶ/ሩ የጥናት ሐሳቤን ያቀረብኩ ቀን ይህን ጠይቀውኝ አንድ ገጽ ሙሉ መልስ ሰጥቻለሁ። ለእህቴ አንድ ቃል አጣሁ።

ከሰ. በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ብዙ እናት እንዲህ ታደርጋለች አለች። ክኒኑ እንደገና ከትንሽ ተጀመረ። ዘሀራ ስንመለስም አላናገረችኝም። ሂክማ መሐላችን ተቀምጣ በነፋሱ ስትስቅ መጣች።

ሰኔ 11

አታናግረኝም። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ከነጭ ክሮቹ አንዱ ብልቃጥ አለቀ፣ ምግቡ ፈልቷል። ሙዝ ገዝቼ ከእርሾ ጋር ፈጨሁ። ዘሀራ ሳትናገር ሙቀጫውን አጥባ አቀበለችኝ። ይሄም ንግግር ነው።

ነገ የወባ ረጪዎች ይመጣሉ ተብሏል። ዕቃ ሁሉ ይውጣ። ያ ረቢ፣ ትንኞቼ!

ሰኔ 12። 9 ሰዓት

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ረጪዎቹ ፓምፓቸውን ተሸክመው በጠዋት መጡ። ቤቱ ተገለበጠ። አልጋው፣ ሳጥኑ፣ ማሰሮው፣ የማሽላው ጆንያ፣ ሁሉም ግቢው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር። እኔ ብልቃጦቼን በካርቶን ይዤ ከሁሉ ርቄ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩ። እማ ሀሊማ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ረጪዎቹን ይቆጣጠራሉ፤ ጥግ ጥጉን በሉት፣ ይላሉ። ረጪው ትንኙንም ልጨርስልዎት ብሎ ወደ እኔ ሲጠቁም ካርቶኑ ላይ ተጎነበስኩበት። ግቢው ሳቀ።

እንስራውን ላመጣ ስሄድ ነው። ሂክማ ካርቶኑ ጋ ደረሰች። የሚያብረቀርቅ ነገር አይታ! ሰማያዊ ክሩን አንስታ አግዳሚው ላይ አንኳኳችው። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። እየሳቀች። እኔ ከሩቅ እጮሃለሁ፣ እግሬ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል።

ስደርስ እማ ሀሊማ ብልቃጡን ከእጇ ወስደው ዓይናቸው አጠገብ ይዘውታል። ትንኞቹ ታች ወድቀዋል። በጀርባቸው። እግራቸው ይርገበገባል፣ ክንፋቸው ይንዘፈዘፋል። ሴትየዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። ይሄን አውቀዋለሁ አሉ፣ ቀስ ብለው። ይሄ የእሷ ነው።

አዎ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ከዚያ አንዷ ተገለበጠች። ቆመች። ሌላዋ። ሌላዋ። ክንፏን በእግሯ ጠረገች፣ ግድግዳውን ወጣች። ምንም እንዳልሆነች። እማ ሀሊማ ከብልቃጡ ወደ ሂክማ፣ ከሂክማ ወደ ብልቃጡ አዩ። ዘሀራም መጥታ ከኋላቸው ቆማለች።

«ክብሪት ማን ለኮሰላቸው?» አሉ።

ዘሀራ ጠጋ ብላ ብልቃጡን አየች።

እንደገና መቱት። አሁን ወዲያው አይወድቁም፣ ማረፍ አለባቸው አልኳቸው። ጠበቁ። ረጪዎቹ ጨርሰው ሄዱ፣ እሳቸው ብልቃጡን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። መቱት። ወደቁ። ቢስሚላህ አሉ። ተነሱ። ይቺን ደግሞ ማን ረገማት አሉ፣ ለራሳቸው ነው።

ዘሀራ ዘወር ብላ አለቀሰች። ከመጣሁ ወዲህ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኔ 13

ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ግቢው ግን ክሊኒክ ሆኗል። እማ ሀሊማ ጎረቤት እየጠሩ ያሳያሉ። እኔ አላስፈልጋቸውም፤ ራሳቸው ያስረዳሉ። ተመልከቺ፣ አሁን ትወድቃለች። ተመልከቺ፣ ክብሪት የለም። ትንኞቼ እንዳያልቁ በቀን አንዴ ብቻ ይመቱ ብዬ ለመንኩ። እሺ ብለዋል፤ ይዋሻሉ።

ስለ ቀይ ክሮቹ ጠየቁኝ፤ እነዚህስ ለምን ይንገዳገዳሉ? ባንቺ የተለማመድኩትን ጀመርኩ፤ ፕሮቲን ላይ ስደርስ ዓይናቸው ጠፋብኝ። ደግነቱ ፍየሎቹ አጠገባችን ነበሩ። እማ፣ የተሸጠ ፍየል ምን ያደርጉታል አልኩ። ጀርባው ላይ ቀለም እቀባዋለሁ አሉ። ቀለም ያለበት ይወጣል፣ የሌለው በረት ውስጥ ይቀራል። ቀለም ቀቢው ባይመጣስ? የተሸጠውም ያልተሸጠውም ይደባለቃል፣ በረቱ ይጨናነቃል፣ መላወሻ ይጠፋል፣ ግልገል ይረገጣል አሉ። እህ አልኩ። ሂክማ ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ነው። ክፉ ነገር አልገባባትም፤ አንድ ሠራተኛ ነው የጎደለው።

«ቀለም ቀቢው ቀርቶባታል በይኝ እንጂ» አሉ። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ የጻፍኩትን ሁሉ ቀድጄ ይህን ባስገባ ዶ/ሩ ምን ይሉ ይሆን።

ዘሀራ ዛሬ አናገረችኝ። ትናንት ለምን እንደምደክም ገባኝ አለች። ሌላ አልጨመረችም። አቅፋኝ ሆዷ መሐላችን ገብቶ አልመች አለን፤ ሳቅን።

ሰኔ 15፣ ጁምዓ

አሁን ደግሞ ያልነገርኳት ሌላው፣ ከእናት ሊመጣ መቻሉ፣ ሕሊናዬን ይበላኛል። ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። እማ ሀሊማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘሀራን ልጄ ሲሉ ሰማሁ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ሕፃኑ ተወልዶ እንደ ሂክማ ቢሆን፣ አውቃ አልነገረችኝም ትለኛለች እህቴ። የክኒኑን እንዳየሁት ነው፤ እኔ የምተወውን ባዶ ሰው በራሱ ይሞላዋል።

ነገ እነግራታለሁ። ለእሷ ብቻ።

ሰኔ 16። ከሰ.

ጓሮ፣ ሂክማን እያጠብናት። ሂክማ በሳፋው ውሃ ውስጥ ጌታ ናት፣ የምንለውን አትሰማም። ለዘሀራ ነገርኳት። ብዙ ጊዜ አጋጣሚ ነው፣ አንዳንዴ ከእናት ነው፣ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። የሆዷም ልጅ ደህና የመሆን ዕድሉ ከአለመሆኑ ይበልጣል፤ ግን ቃል አልገባም። እና እኔም ልይዘው እችላለሁ።

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ። አንቺም? አለች። እኔም አልኩ። ፀጉሬን በእርጥብ እጇ ዳበሰችው። ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ እኔ ደነገጠች። እንዲህ ያለች ናት እታለሜ።

ቀና ስል እማ ሀሊማ የጓሮው በር ላይ ቆመዋል። ፎጣ ይዘው። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም። ፎጣውን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ገቡ።

ሰኔ 17

ሰምተዋል። ሁሉንም። ከጠዋት ጀምሮ አይናገሩም። ምሳ አብረውን አልበሉም። ብልቃጡን ዛሬ አልጠየቁም።

ከሰ. ኑሩ ደወለ። ስልኩን ይዘው ቁርቁራው ሥር ሄዱ። ዘሀራና እኔ መስኮት ላይ፣ ሁለት ሌባ ይመስል። ብዙ አወሩ። ከነፋሱ ጋር የደረሰን የፍየል ዋጋ ብቻ ነው። ዘሀራ የሕፃን ልብሶቹን ከሳጥን አውጥታ እንደገና አጣጠፈች። ወደ ዋጃ የሚሄድ ሻንጣ እንዳይሆን ፈራሁ፤ አልጠየቅኳትም።

በገዛ አፌ አበላሸሁት? ሰው እውነት ተናግሮ እንዲህ ይከፋዋል? ትንኞቹን እንኳ ማየት አስጠላኝ። ግን ጆንያውን አረጠብኩ።

ሰኔ 18። ምሽት፣ 12 ሰዓት ገና

ጻፊ አልኩ ራሴን፣ ትኩሱን።

ከአንድ ሰዓት በፊት። ሂክማ ከግቢው በር ወጣ ብላ፣ መንገድ ላይ የፈሰሰ ውሃ አይታ ነው። እዚያው ጣላት። ክኒኑ ገና ሥራውን አልያዘም፤ ነርሷም ጊዜ ይፈልጋል ብላለች። ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። ክብሪት! ክብሪት! ልጆች ሸሹ። ባጃጅ ቆመ። ዘሀራ ሆዷን ይዛ ትሮጣለች፣ እኔ ከኋላዋ።

እማ ሀሊማ ቀድመውናል። ፍየል ለማስገባት ደጅ ነበሩ። ከመንገዱ አፈር ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷን ወደ ጎን አጋደሟት፣ እንዳሳየኋቸው። ጭንቅላቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አረፋው ቀሚሳቸው ላይ ወረደ። በነጠላቸው ጫፍ አፏን ጠረጉ። አንዷ ጎረቤት ሀሊማ አትንኪያት፣ ተይ፣ እያለች ክብሪት ዘርግታለች። አልተቀበሏትም። ጊዜዋን ትጨርስ አሉ። ትነሳለች፣ ትንኟ ተነስታለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ ነክተዋት አያውቁም ነበር፤ እንዲህ ስትሆን ማለቴ ነው። ሂክማ ነቃች። ማን ጭን ላይ እንዳለች አየች። ሳቀች፣ እንደ ልማዷ። ሴትየዋ ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ቀና ብለው ዘሀራን አዩ። ከትናንት ወዲህ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው።

«ከየትም ትምጣ» አሉ። «የመጣችው እኛ ቤት ነው።»

ዘሀራ አፈሩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች። እዚያው ሆነው፣ በአረፋ እጃቸው፣ ኑሩ ጋ አስደወሉኝ። ጭነቱን አራግፈህ ና አሉት። ሚስትህ እዚህ ነው የምትወልደው። የተወለደው ምንም ይሁን ምን እዚህ ነው የሚያድገው፤ ትናንት የነገርኩህን እርሳው። ትናንት የነገሩት የፍየል ዋጋ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

አለቅስ ነበር፣ እንኳን ጻፍኩ።

ሰኔ 20። ንጋት

መሄጃዬ ነው። ዶ/ሩ ትናንት ደወሉ፤ ማቀዝቀዣው ተጠግኗል። ቀይ ክሮቹ በርትተዋል፣ አዲስ ትውልድ ወጥቷል፤ ሙቀቱን በእንስራ አለፉት። ነጮቹ ደህና። ከሰማያዊው አንዱን ብልቃጥ ለእማ ሀሊማ ትቼአለሁ፤ ጎብዬ ከተማ ያሉ ዘመዶቻቸው ቤት አንድ የሚጥለው ልጅ አለ፣ ወስደው ሊያሳዩ ነው። ሙዝና እርሾውን አስተምሬአቸዋለሁ። ለዶ/ሩ ምን እንደምል አላውቅም፤ ብልቃጥ ተሰበረ እላለሁ።

የቆረጥኩት ይሄ ነው፦ ለወሊዷ እመጣለሁ። የሚወለደውን መጀመሪያ ከሚያቅፉት አንዷ እሆናለሁ። ስለ ራሴ ደግሞ የደም ምርመራውን መፈለግ አላቆምም፤ እስከዚያው ግን አልፈራም። እሺ፣ እፈራለሁ። ግን እፈልጋለሁ።

መብራት ጠፍቷል። ካርቶኑን ለማሰር ሻማ ላበራ ተነሳሁ። ክብሪቱን መስኮቱ ላይ፣ ከሂክማ አልጋ በላይ ዳበስኩ። የለም። ሂክማ ሥሩ ተኝታለች፣ አፏ ከፈት ብሎ፣ የከንፈሯ ቁስል ሽሮ። እማ ሀሊማ ከጓዳ ሆነው ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ክብሪት አልኩ።

ወጥ ቤት ነው አሉ፣ ምድጃው ጋ።